ልብስ የማይለበስበት ዳርቻ
የጀርመኖች “የነፃ አካል ባህል” ከየት መጣ? ጥቅሙና ሥርዓቱስ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ምሽት የበርሊን ግንብ ሲከፈት፣ በምሥራቅ በርሊን ይኖሩ የነበሩት የ35 ዓመቷ የፊዚክስ ተመራማሪ አንጌላ መርክል ሳውና ውስጥ ነበሩ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከጓደኛቸው ጋር ሳውና የመሄድ ልማድ ነበራቸው። ዜናውን በቴሌቪዥን እንደሰሙ ለእናታቸው ደወሉ፤ ከዚያ እንደ ወትሮው ወደ ሳውናቸው ሄዱ። ወደ ምዕራብ በርሊን የተሻገሩት ከዚያ ከወጡ በኋላ ነው። ኋላ ጀርመንን ለ16 ዓመታት የመሩት እኚህ ሴት ይህን ታሪክ ራሳቸው ተናግረውታል።

ጀርመኖችን በዚህ ታሪክ የሚያስቃቸው፣ ዓለም ሲገለባበጥ ሰው እንዴት ሳውና ይሄዳል የሚለው ነው። እኛን የሚያስገርመን ግን ሌላ ነገር ነው። በጀርመን ሳውና የዋና ልብስ አይለበስም። በብዙዎቹም ወንድና ሴት አብረው ይቀመጣሉ።

በፍራንክፈርት፣ በበርሊን ወይም በሙኒክ ዘመድ ያለው አንባቢ ይህን ሳይሰማ አይቀርም። አዲስ የሄደ ሰው በመጀመሪያው በጋ ሐይቅ ዳር ሲንሸራሸር፣ ሽማግሌ ባልና ሚስት ልብስ ሳይኖራቸው ቡና ሲጠጡና ጋዜጣ ሲያነቡ ያይና ክው ይላል። አጠገባቸው ያለው ምልክት ላይ ሦስት ፊደላት ብቻ ተጽፈዋል፤ “ኤፍ ካ ካ”። “ፍራይኮርፐርኩልቱር” የሚለው የጀርመንኛ ቃል ምኅጻር ሲሆን “የነፃ አካል ባህል” እንደማለት ነው። በሌላው ዓለም ናቹሪዝም ይባላል።

ናቹሪዝም ምንድን ነው?

ናቹሪዝም ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ ለመኖር በሚል ሐሳብ፣ በተፈቀደ ቦታ ከሌሎች ጋር ያለ ልብስ መዋኘት፣ ፀሐይ መሞቅ፣ ስፖርት መሥራት ወይም መዝናናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በፈረንሳይ ሞንታሊቬ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የናቹሪስቶች ፌዴሬሽን ዓላማውን ሲያስረዳ ሦስት አክብሮቶችን ይጠቅሳል፤ ራስን ማክበር፣ ሌላውን ማክበርና አካባቢን ማክበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ናቹሪስቶች መራቆትንና ወሲብን አጥብቀው ይለያሉ። በቤተሰብ ዳርቻቸውና በማኅበሮቻቸው ወሲባዊ ድርጊትም ሆነ ማባበል የተከለከለ ነው። ያደረገም ይባረራል። ጥንቃቄ የሚያሻው ግን ስሙ ላይ ነው። በጀርመን “የኤፍ ካ ካ ዳርቻ” ወይም “የኤፍ ካ ካ ማኅበር” ሲባል የቤተሰብ መዝናኛ ማለት ሲሆን፣ “የኤፍ ካ ካ ክለብ” የሚል ማስታወቂያ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሴተኛ አዳሪዎች ቤት ነው። ስሙን ለንግድ የወሰዱት ሌሎች ናቸው፤ ናቹሪስቶቹም በዚህ ደስተኞች አይደሉም።

ከፋብሪካ ጭስ የሸሹ ሰዎች

ነገሩ የተጀመረው በመዝናናት ሳይሆን በጤና ጭንቀት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀርመን በፍጥነት በኢንዱስትሪ እያደገች ነበር። ሠራተኛው በጠባብ ክፍሎች ታጭቆ ይኖራል፤ ጭስ ይተነፍሳል፤ ሳንባ ነቀርሳ ይፈጀዋል፤ ፀሐይ አያገኝም። ይህን ሕይወት የተቃወሙ ሰዎች “ሌበንስሬፎርም” የተባለ የኑሮ ማሻሻያ እንቅስቃሴ ጀመሩ። ሥጋ መተው፣ አልኮል መተው፣ በባዶ እግር መሄድ፣ ሴቶችን እስትንፋስ ከሚያሳጥረው ወገብ አጥብቅ ልብስ ማላቀቅ፣ በተፈጥሮ መታከም ሁሉ በዚያ ውስጥ ነበሩ። ራቁትን ፀሐይና ነፋስ መሞቅም አንዱ ነው።

ፀሐይ መድኃኒት ናት የሚለው እምነት ያኔ የጥቂት ሰዎች ብቻ አልነበረም። ስዊዘርላንዳዊው አርኖልድ ሪክሊ ዛሬ በስሎቬኒያ በሚገኘው በብሌድ ሐይቅ ዳር በፀሐይና በአየር የሚያክም ማዕከል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1903 ደግሞ ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን የቆዳ ነቀርሳን በብርሃን በማከሙ የኖቤል ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት በሰሜን ጀርመን ክሊንግበርግ በተባለ ቦታ ፓውል ሲመርማን ከመጀመሪያዎቹ የናቹሪስት መናፈሻዎች አንዱን ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1920 በሰሜን ባሕር ላይ ባለችው የዙልት ደሴት ልብስ የማይለበስበት ዳርቻ በይፋ ተፈቀደ።

ከሁሉም የሚያስገርመው አዶልፍ ኮህ ነው። ይህ የበርሊን መምህር የድሃ ሠራተኞች ልጆች አካል በረሃብና በጠባብ ቤት ተጎድቶ ስላየ፣ ለሠራተኛው መደብ የአካል እንቅስቃሴ ትምህርት ቤቶች አቋቋመ። ተማሪዎቹ ራቁታቸውን ጂምናስቲክ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 በበርሊን ስለ መራቆት ባህል ዓለም አቀፍ ጉባኤ አዘጋጅቷል። ለእርሱ ዋናው ቁም ነገር እኩልነት ነበር፤ ልብስ ሲወልቅ ጌታና ሎሌ አይለይም።

የታሪኩ ሌላ ገጽ ግን ንፁህ አይደለም። ከቀደምት ሰባኪዎቹ መካከል ሃይንሪሽ ፑዶር እና ሪሻርድ ኡንገቪተር ዘረኞች ነበሩ። “ጤናማ አካል” የሚለውን ሐሳብ “የጠራ ዘር” ከሚለው ጋር አያይዘው ጽፈዋል። ስለዚህ ይህ ባህል አንድ ወጥ አባት የለውም። ሶሻሊስቱም፣ ዘረኛውም፣ ሐኪሙም፣ ሠዓሊውም በየበኩላቸው አሳድገውታል።

ከክልከላ እስከ ግንቡ መፍረስ

እ.ኤ.አ. በ1933 ናዚዎች ሥልጣን እንደያዙ ኸርማን ገሪንግ የመራቆትን ባህል ለጀርመን ሥነ ምግባር አደገኛ ነው በማለት የሚገድብ ትእዛዝ አወጣ። የኮህ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ለአገዛዙ ያደሩ ማኅበራት ግን በቁጥጥር ሥር ቀጠሉ።

ከጦርነቱ በኋላ በምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1949 አገር አቀፍ ማኅበር ተመሠረተ። በምሥራቅ የሆነው ግን ይበልጥ አስገራሚ ነው። የኮሚኒስቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1954 በባልቲክ ባሕር ዳርቻዎች ራቁት መዋኘትን ለመከልከል ሞከረ። ሕዝቡ ተቃወመ። እ.ኤ.አ. በ1956 መንግሥት ምልክት በተደረገባቸው ቦታዎች እንዲፈቀድ ደንብ አወጣ። ከዚያ በኋላ በምሥራቅ ጀርመን የቤተሰብ የዕረፍት ልማድ ሆነ። ፓስፖርት በቀላሉ በማይገኝበት፣ ጋዜጣ በመንግሥት እጅ ባለበት አገር፣ ዳርቻው ላይ ልብስ አውልቆ መዋል ትንሽ ነፃነት ነበር።

ሁለቱ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1990 ሲዋሐዱ ደግሞ ሌላ ግጭት መጣ። ለዕረፍት ወደ ምሥራቁ ባሕር የጎረፉት ምዕራባውያን ባዩት ነገር ተደናገጡ፤ ምሥራቃውያኑም “በገዛ ዳርቻችን ልበሱ እንዴት እንባላለን?” ብለው ተቆጡ። አንድ ቋንቋ የሚናገር አንድ ሕዝብ በኀፍረት ጉዳይ እንዲህ መለያየቱ፣ ኀፍረት የሚባለው ነገር ምን ያህል በአስተዳደግ እንደሚቀረጽ ያሳያል።

ዛሬ የጀርመን ማኅበራት አባላት እያረጁና እየቀነሱ ነው። ወጣቱ በማኅበር መታቀፍ አይወድም፤ ካሜራ ያለው ስልክ በእያንዳንዱ ኪስ መኖሩም ሰውን ያሳስባል። ጥያቄው ግን አልሞተም። በርሊን ውስጥ አንዲት ሴት ላይኛውን የዋና ልብስ ስላልለበሰች ከመዋኛ ገንዳ ተመልሳ አቤቱታ ካቀረበች በኋላ፣ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በማርች 2023 በገንዳዎቿ ለወንድ የተፈቀደው ለሴትም እንዲፈቀድ ወስናለች።

በእርግጥ ጥቅም አለው?

ናቹሪስቶች ብዙ ጥቅም ይዘረዝራሉ። የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው ለይተን እንይ።

ራስን መቀበል፦ በለንደን ጎልድስሚዝስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁሩ ኪዮን ዌስት እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናት 849 በእንግሊዝ የሚኖሩ ሰዎችን ጠይቆ፣ በእንዲህ ዓይነት ዝግጅቶች አዘውትረው የሚሳተፉ ሰዎች በአካላቸውና በሕይወታቸው ይበልጥ እንደሚረኩ አገኘ። ቀድሞውንም በራሳቸው የሚተማመኑ ሰዎች ስለሚሄዱ ይሆን? ይህን ለማጣራት ኋላ ላይ ባደረገው ሙከራ ተሳታፊዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ አንዱ ቡድን በልብስ፣ ሌላው ያለ ልብስ አብሮ እንዲጫወት አደረገ። ያለ ልብስ የነበሩት ለአካላቸው ያላቸው አመለካከት ተሻሻለ። ምክንያቱ “ሰው ምን ይለኛል” የሚለው ጭንቀት መቀነሱ ነበር። ጥናቱ ግን ጥቂት ሰዎች ላይ፣ በራሳቸው ፈቃድ በመጡ ላይ የተሠራ ነው። ተገድዶ ልብሱን ያወለቀ ሰው እንዲህ ይሰማዋል ማለት አይደለም።

ቫይታሚን ዲ፦ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በፀሐይ ነው፤ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ከነጭ ቆዳ ይበልጥ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ ፀሐይ በማይገኝበት በአውሮፓ ክረምት የሚኖሩ ወገኖቻችን ጉድለቱ ሊያጋጥማቸው ስለሚችል ሐኪም ቢያማክሩ ጥሩ ነው። ለዚህ ግን ሙሉ በሙሉ መራቆት አያስፈልግም። ፀሐይ ሲበዛም ቆዳ ያቃጥላል፤ የቆዳ ካንሰርም ያስከትላል።

ሳውና፦ በፊንላንድ 2,315 መካከለኛ ዕድሜ ያላቸው ወንዶችን ለ20 ዓመታት ያህል የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። በሳምንት ከ4 እስከ 7 ጊዜ ሳውና የሚገቡት በድንገተኛ የልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው በሳምንት አንዴ ከሚገቡት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ጥቅም ካለ የሙቀቱ ነው፤ የልብስ አለመኖር ውጤት አይደለም። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት ሐኪም ሳያማክሩ ባይገቡ ይመረጣል።

ሥነ ሥርዓቱ

ልብስ የሌለበት ቦታ ሥርዓት የሌለበት ቦታ አይደለም። እንዲያውም ደንቡ ከሌላው መዝናኛ ይጠብቃል። ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለጉብኝት ለሚሄድ ሰው ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

1. ምልክቱን ያንብቡ። የተፈቀደው ቦታ ተለይቶ ይታወቃል፤ ልብስ የሚለበስበትን ዳርቻ ጀርመኖች “የጨርቅ ዳርቻ” ይሉታል። ከተፈቀደው ውጪ ሰውን የሚያስቆጣ መራቆት ቅጣት ሊያስከትል ይችላል።

2. ፎጣ አይለይዎ። በወንበርም ሆነ በሳውና እንጨት ላይ ያለ ፎጣ መቀመጥ ነውር ነው። በሳውና ላብ እንጨቱን እንዳይነካ እግር ጭምር ፎጣ ላይ ያርፋል።

3. አስቀድመው ይታጠቡ። ሳውናም ሆነ ገንዳ ከመግባት በፊት ሻወር መውሰድ ግዴታ ነው።

4. ስልክና ካሜራ በቦርሳ ይቆዩ። ይህ ከሁሉ የከበደ ደንብ ነው። ሰውን በዚህ ሁኔታ ያለ ፈቃዱ ፎቶ ማንሳት ከቦታው ከማስባረር አልፎ በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል።

5. አትኩረው አይመልከቱ። ሰው ሲያናግሩ ዓይን ዓይኑን ይዩ። ስለማንም አካል በጎም ሆነ ክፉ አስተያየት አይሰጥም፤ ሙገሳም ቢሆን።

6. ርቀት ይጠብቁ። ባዶ ቦታ እያለ ሰው አጠገብ ፎጣ ማንጠፍ አያስወድድም።

7. የልብስ ጉዳይ በቦታው ደንብ ይወሰናል። በአንዳንድ ዳርቻ ለብሶ መቀመጥ ይቻላል፤ በአንዳንዱ ግን ለብሶ ማፍጠጥ እንደ ነውር ይታያል። በምግብ ቤት አካባቢ ብዙ ጊዜ መልበስ ያስፈልጋል።

“አይ” ማለት ይቻላል

በጀርመን የሚኖር ሰው ይህን ባህል የመቀበል ግዴታ የለበትም። ብዙ ሳውናዎች ለሴቶች ብቻ የተለየ ቀን አላቸው። የዋና ልብስ የሚፈቀድባቸው ቀናት ያሏቸውም አሉ፤ ስልክ ደውሎ መጠየቅ ይበቃል። የሥራ ባልደረቦች “ሳውና እንሂድ” ቢሉ “እኔ ገንዳው ጋ እጠብቃችኋለሁ” ማለት ማንንም አያስቀይምም።

የሐኪም ቤቱ ግን ቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል። በጀርመን ለምርመራ ልብስ ሲወልቅ መሸፈኛ ጋውን ብዙ ጊዜ አይሰጥም። ሴት ሐኪም መጠየቅ፣ አብሮ የሚገባ ሰው መጠየቅ ወይም ረዘም ያለ ሸሚዝ ለብሶ መሄድ ይቻላል። እናቶቻችንን ለሕክምና የሚወስዱ ልጆች ይህን አስቀድመው ቢነግሯቸው ከድንጋጤ ያድኗቸዋል።

ልጆችን በተመለከተ የናቹሪስቶቹም ምክር ከእኛ አይርቅም። ልጅ “አልፈልግም” ካለ አይገደድም። በተለይ ዕድሜው ለአቅመ አዳም ወይም ለአቅመ ሔዋን ሲቃረብ ራሱን መሸፈን ቢፈልግ የተለመደ ነው፤ ወላጅም ሊያከብርለት ይገባል።

እኛስ?

በአገራችን በአደባባይ መራቆት ሕግም ባህልም አይፈቅደውም። ሃይማኖታችንም የራሱ ቃል አለው። አዳምና ሔዋን ከመበደላቸው በፊት ልብስ እንዳላስፈለጋቸው፣ ከበደሉ በኋላ ግን በበለስ ቅጠል እንደተሸፈኑ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ሙስሊሙም መሸፈን ያለበትን የአካል ክፍል ከልጅነቱ ይማራል።

ይሁን እንጂ እኛ ሁሉን ነገር የምንሸፍን፣ እነርሱ ሁሉን ነገር የሚገልጡ አድርገን ብናስብ እንሳሳታለን። አንዲት እናት በታክሲ ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም በገበያ መሐል ልጇን ስታጠባ በአገራችን ማንም ዞር ብሎ አያይም። በምዕራቡ ዓለም ግን ይኸው ነገር ለዓመታት ሲያነታርክ ኖሯል። በአሜሪካ ሃምሳዎቹም ግዛቶች እናት በአደባባይ እንድታጠባ በሕግ የፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ጨቅላን ቅባት ቀብቶ ራቁቱን የጠዋት ፀሐይ ማሞቅም ለእናቶቻችን አዲስ አይደለም፤ ጀርመኖቹ መናፈሻ የከፈቱለት ሐሳብ በየደጃችን ነበር። ጠበል ቦታም ልብስ ይወልቃል፤ ወንዱ ለብቻ ሴቷ ለብቻ ሆነው ማንም የማንንም አካል አይመዝንም። ሁሉም ፈውስ ፍለጋ ነው የመጣው።

እንግዲህ ልዩነቱ ኀፍረት መኖሩና አለመኖሩ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ ሕዝብ ኀፍረቱን የት ቦታ እንዳስቀመጠው ነው።

ልብስ ሳናወልቅ የምንማረው

የምሠራው በማርኬቲንግ ሙያ ነው። በሙያችን ዕቃ ለመሸጥ ከሚያገለግሉ የቆዩ መንገዶች አንዱ፣ ገዢው የጎደለው ነገር እንዳለ እንዲሰማው ማድረግ ነው። ቆዳ የሚያፈካ ክሬም የሚሸጠው ጥቁረት ጉድለት መስሎ ሲታይ ነው። የሚያከሳ ሻይ የሚሸጠው ወገባችንን እንድንጠላ ስንደረግ ነው። ሴት ልጆቻችን ከስልካቸው የሚያዩት አካል ደግሞ በብርሃን፣ በፊልተርና በአቀማመጥ የተሠራ ነው። እውነተኛ የሰው አካል፣ የወለደች ሴት ሆድ፣ የቀዶ ጥገና ጠባሳ፣ የእርጅና መሸብሸብ በማስታወቂያ ላይ እምብዛም አይታይም።

የጀርመኑ ሐይቅ ዳር ለሰዎች የሚሰጠው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ሰው እውነተኛ አካል ያያል፤ ከዚያም የራሱ አካል እንደማንም ሰው መሆኑን ይረዳል። ይህን ደግሞ ልብሳችንን እንደለበስን በየቤታችን ልናደርገው እንችላለን።

ከሰላምታችን እንጀምር። “ውይ፣ እንዴት ወፍረሻል!” “ምነው ከሳህ፣ አሞህ ነው?” የሚለው ሰላምታ ከፍቅር የመጣ ቢሆንም፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጆሮ ላይ ሲያርፍ ለዓመታት ሊከርም ይችላል። በልጆች ፊት ስለ ራሳችን አካል የምንናገረውም እንዲሁ ነው፤ እናት በመስታወት ፊት ራሷን ስትራገም ልጅቱ ትማራለች።

ለልጆቻችን የአካላቸውን ክፍሎች ሁሉ በትክክለኛ ስማቸው እናስተምራቸው። የአካሉን ክፍል ስም የማያውቅ ልጅ፣ ክፉ ሰው ሲነካው ምን እንደሆነ ለመናገር ይቸገራል። አካሉ የራሱ እንደሆነ፣ አክስትም ብትሆን “ሳመኝ” ስትለው “አሁን አልፈልግም” ማለት እንደሚችል ይወቅ። ይህ ባለጌነት አይደለም። ራሱን እንዲጠብቅ የሚያስችለው የመጀመሪያ ትምህርት ነው።

ከናቹሪስቶቹ አራተኛ ደንብ ደግሞ እንዋስ። ገላውን እየታጠበ ያለ ሕፃን ፎቶ በፌስቡክና በቲክቶክ መለጠፍ በእኛ ዘንድ እንደ ቀልድ ይታያል። ሰው በሙሉ ልብሱን ባወለቀበት ዳርቻ እንኳ ካሜራ የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፎቶው አንዴ ከወጣ ማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም፤ ልጁም ሲያድግ አልተጠየቀም። ዛሬ ማታ ስልክዎን ከፍተው ከለጠፏቸው ውስጥ እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ካሉ ቢያጠፏቸው፣ ለልጅዎ ጥሩ ስጦታ ይሆናል።